ጫማ ሰፊው ሮጀር ሸርማን እንዴት ጠበቃና ሕግ አውጪ ለመሆን በቃ?

የጫማ ሰፊው ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ አባላት እንደምን ሰንብታችኋል? የሕግ ተማሪ ስሆን፣ ለሕገ መንግሥት ታሪክ ትምህርት ስለ አንድ የቀድሞ ዘመን ሕግ አውጪ ጽሑፍ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። የክፍል ጓደኞቼ ጄፈርሰንን፣ ማዲሰንንና ሃሚልተንን ሲሻሙ እኔ የኮነቲከቱን ሮጀር ሸርማንን መረጥሁ። የመረጥሁበትን ምክንያት ብደብቅ ጥያቄዬ ጎዶሎ ይሆናል። አባቴ በዚሁ በማርቆስ ከተማ ጫማ ሰፊ ነው፤ እኔንና ሦስት ወንድሞቼን ያሳደገን በወስፌና በመዶሻ ነው። እኔም በልጅነቴ «የፋቂ ልጅ» እየተባልሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ በወጣትነቱ ጫማ እየሰፋ የኖረ ሰው የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ከጻፉት ጉባኤተኞች መካከል መቀመጡን ሳነብ፣ መጽሐፉን ገጥሜ ጥቂት ቆየሁ።

እስካሁን ያገኘሁት ይህ ነው። ሸርማን እ.ኤ.አ. በ1721 በማሳቹሴትስ ኒውተን ተወለደ፤ የገበሬና የጫማ ሰፊ ልጅ ነው፤ በ1754 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ፤ አራቱን ታላላቅ የምሥረታ ሰነዶች፣ ማለትም የ1774ቱን አህጉራዊ ስምምነት፣ የ1776ቱን የነጻነት መግለጫ፣ የኮንፌዴሬሽኑን አንቀጾች (ከሕገ መንግሥቱ በፊት ስቴቶቹን ያስተሳሰረውን ውል) እና የ1787ቱን ሕገ መንግሥት የፈረመ ብቸኛ ሰው ነው። ያልገባኝ ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ኮሌጅ ደጃፍ ያልረገጠ ሰው እንዴት ጠበቃ ቀጥሎም ዳኛ ሊሆን እንደ ቻለ ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ጓደኛዬ «ሸርማን ፈራሚ እንጂ አሳቢ አይደለም» ብሎ ስለ ተከራከረኝ፣ በሕግ አውጪነቱ በእርግጥ የራሱ የሆነው ሥራ የትኛው እንደ ሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ጡረተኛ ዳኛ (ፍኖተ ሰላም)

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ዓመታቱን አንቺ በጀመርሽበት በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር እቀጥላለሁ።

ከፈቃዱ ልነሣ። ሸርማን ወደ ጥብቅና ሲገባ በቅኝ ግዛቶቹ ውስጥ የሕግ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። በኋላ ስሙ የገነነው የታፒንግ ሪቭ የሕግ ትምህርት ቤት በዚያው በኮነቲከት፣ በሊችፊልድ የተከፈተው ስንት ዓመት ቆይቶ ነው፤ በቨርጂኒያም ጆርጅ ዋይዝ የሕግ መምህር ሆኖ የተሾመው በ1779 ነው። ጠበቃ መሆን የሚሻ ወጣት ወይ ከአንድ ጠበቃ ዘንድ ተጠግቶ ሰነድ እየገለበጠ ይማራል፣ ወይም መጽሐፍ እየተዋሰ ራሱን ያስተምራል፤ ፍርድ ቤቱ ሲያምንበት ይቀበለዋል። በእኛም አገር የቀድሞው ነገረ ፈጅ ሙያውን ያገኘው ከችሎት ደጅ ሙግት እያደመጠ እንጂ ከትምህርት ቤት አልነበረም፤ ስለዚህ የሸርማን ነገር ለእኛ ሊያስደንቀን የሚገባው በዚህ በኩል አይደለም። የሚያስደንቀው፣ የሚጠጋበት ጠበቃ እንኳ ሳይኖረው መጽሐፍን በመስፊያው ወንበር ፊት ዘርግቶ እያነበበ ተማረ መባሉ ነው። አባቱ በ1741 ሲሞት ገና ሃያ ዓመት ገደማ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ቤተ ሰቡ ወደ ኮነቲከት ወደ ኒው ሚልፎርድ ሲዛወር እርሱ የጫማ መስፊያ ዕቃውን በጀርባው አዝሎ በእግሩ ተጓዘ ይባላል። አንድ ጊዜም ለአንድ ጉዳይ ወደ ጠበቃ ሲላክ ነገሩን አስቀድሞ በወረቀት አስፍሮት ነበርና፣ ጠበቃው ወረቀቱን አይቶ «አንተ ራስህ ሕግ ብታነብ ይሻልሃል» አለው የሚል ታሪክ ይነገራል። በ1754 ፈቃዱን አገኘ፤ በማግሥቱ ዓመት የሰላም ዳኛና የቅኝ ግዛቱ ምክር ቤት ተመራጭ ሆነ። ወደ ኒው ሄቨን የተዛወረው በ1761 ነው፤ በዚያም የዬል ኮሌጅ ገንዘብ ያዥ ሆነ፤ ኮሌጅ ያልተማረውን ሰው ኮሌጁ በ1768 የክብር ዲግሪ ሰጠው። ከ1766 ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ በኮነቲከት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኝቷል።

አሁን ወደ ጓደኛሽ ክርክር ልምጣ፤ «ፈራሚ ብቻ» የሚለው ፍርድ ማስረጃውን ያላየ ፍርድ ነው። ሸርማን ከወንድሙ ጋር ሱቅ ነበረው። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ቅኝ ግዛት የየራሱን የወረቀት ገንዘብ ያትም ነበርና፣ በዱቤ ዕቃ የወሰደ ደንበኛ ዕዳውን ዋጋው በወረደ በሮድ አይላንድ ወረቀት ሊከፍል ይመጣል። ሸርማን በ1752፣ ገና ጠበቃ ሳይሆን፣ በዚህ ላይ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ክርክሩ እንዲህ ነው፦ ገንዘብ የሌላው ነገር ሁሉ መለኪያ ነውና፣ መለኪያው ራሱ የሚለዋወጥ ከሆነ ፍርድ የለም። የማርቆስ ገበያ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ጤፉን በሰፊው ቁና ለክቶ አበድሮ፣ በጠባቡ ቁና ለክቶ የሚመልስለትን ሰው ማን ዝም ይላል?

ያን ጊዜ በሱቅ የያዘውን ነገር ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ አልለቀቀውም። ነሐሴ 28 ቀን 1787 በፊላደልፊያው ጉባኤ፣ ስቴቶች ከወርቅና ከብር ሳንቲም በቀር ሌላ ነገር ለዕዳ መክፈያ እንዳያደርጉ ፈጽሞ የሚከለክለውን ሐሳብ ከፔንሲልቬንያው ከጄምስ ዊልሰን ጋር ያቀረበው እርሱ ነው። የወረቀት ገንዘብን ለመጨፍለቅ ይህ የተመቸ ጊዜ ነው ሲል ተናገረ፤ ክልከላው እስከ ዛሬ በአንቀጽ አንድ ክፍል 10 ተጽፎ ይገኛል። ያን ሁሉ ወረቀት ያተመችው ሮድ አይላንድ ወደ ጉባኤው ልዑክ ሳትልክ መቅረቷን ሳስብ ፈገግ እላለሁ።

ስለ ንግግሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥብቅና አንደበት ብቻ ይመስላቸዋልና ለተማሪዎች ይጠቅማል። ሸርማን አንደበተ ርቱዕ አልነበረም። የጆርጂያው ልዑክ ዊልያም ፒርስ ሁኔታው ሁሉ ግራ የሚያጋባ፣ አነጋገሩም ለጆሮ የማይጥም ሰው አድርጎ ከገለጸው በኋላ፣ የያዘውን ነገር ከግብ ለማድረስ ግን እንደ እርሱ ያለ ብልህ እንደሌለ ጽፏል። የአገሩ ሰው ጀረማያ ዋድስዎርዝም እርሱን አታልላለሁ ማለት ሙልጭልጩን ዓሣ በጅራቱ እንደ መያዝ ነው ብሏል። ጆን አዳምስ በበኩሉ በሐቀኝነቱ ከመልአክ አስተካክሎታል። የብልጠቱም የሐቀኝነቱም ምስክርነት ስለ አንድ ሰው ነው፤ በችሎት ዘመኔ እንደዚህ ያሉ ጠበቆች አጋጥመውኛል፣ ብዙ አይደሉም እንጂ።

ቀያሹ (ሞጣ)

ጋሼ የተናገሩትን ተቀብዬ፣ የዘለሉትን አንድ ሙያ ልጨምር፤ የእኔ እንጀራ ስለ ሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም። ሸርማን ጠበቃ ከመሆኑ በፊት በ1745 የአውራጃ መሬት ቀያሽ ሆኖ ተሹሟል። የዚያ ዘመን ቀያሽ የሚለካበት ሰንሰለት 100 ቀለበት ያለው ርዝመቱም 66 ጫማ ነበር (ጫማ ሰፊው በጫማ ለካ ማለት ነው፤ አማርኛችን ቀልዱን በነጻ ሰጠን)። ወሰን የሚለካ ሰው ደግሞ የውል ጽሑፍ ማንበብ፣ የአሮጌ ድንጋይ ምልክት ማመሳከር፣ የጎረቤት ምስክር መስማት ግዴታው ነው። ወደ ሕግ የወሰደው መንገድ ይህ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ ቀያሽ መባል ለረጅም ጊዜ የሚያስፈራ ስም ነበር። በጎጃም «ቀላድ ሊጣል ነው» የተባለ ዕለት አገር ይሸበር ነበር፤ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት እዚህ ሞጣና ብቸና ላይ በተነሣው አመፅ ውስጥ ርስታችን ተለክቶ ይወሰድብናል የሚለው ስጋት ትልቅ ድርሻ ነበረው። ሸርማን በነበረበት አገር ግን ሰፋሪው ራሱ መሬቱ ተለክቶ እንዲጻፍለት ይሻ ነበርና፣ ቀያሽነት ጥሩ ገቢና መታመን አስገኘለት።

የራሱ የሆነው ሥራ የትኛው ነው ላልሽው፣ የሁለቱን ምክር ቤቶች ድምፅ አከፋፈል የወሰነው «ታላቁ ስምምነት» የእርሱ ነው ወይ የሚለውን በእኛው የርስት ቋንቋ ባስረዳ ይቀለኛል። በቀድሞው ሥርዓት የዋናው አባት መሬት ለምንዝር አባቶቹ (ከእርሱ ለተወለዱት የየወገኑ አባቶች) እኩል ይደለደላል፤ አንዱ ምንዝር አባት ሦስት ተወላጅ፣ ሌላው ሠላሳ ተወላጅ ቢኖረው ድልድሉ አይለወጥም። ተወላጁ የበዛው ወገን «በነፍስ ይከፈል» ሲል፣ ያነሰው «በአባት ይከፈል» ይላል። በ1787 ፊላደልፊያ የነበረው ጠብ ይኸው ነው። በ1790ው ቆጠራ ቨርጂኒያ 747,000 ያህል ሕዝብ ሲኖራት ደላዌር 59,000 ያህል ብቻ ነበራት። ትልልቆቹ ምክር ቤቱ ሁሉ በሕዝብ ብዛት ይሁን አሉ፤ ትንንሾቹ እያንዳንዱ ስቴት እኩል ድምፅ ይኑረው አሉ። ሸርማን ሰኔ 11 ቀን አንደኛው ምክር ቤት በነፍስ፣ ሁለተኛው በአባት ይሁን የሚል ሐሳብ አቀረበ። በስድስት ለአምስት ተሸነፈ።

ጓደኛሽን የሚረታው ግን ከዚያ የቀደመው ነገር ነው። በ1776፣ የኮንፌዴሬሽኑ አንቀጾች ሲረቀቁ፣ ድምፅ በሁለት መንገድ ይቆጠር፤ አንድ ጊዜ በቅኝ ግዛት፣ አንድ ጊዜ በሰው ተጠርቶ በሁለቱም ብልጫ ይገኝ ሲል መናገሩን ጆን አዳምስ በማስታወሻው ይዞታል። ስለዚህ ሐሳቡ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በኪሱ የነበረ ነው። ሐምሌ 2 ቀን የእኩልነቱ ጥያቄ እንደገና ሲነሣ አምስት ለአምስት ሆነ፣ ጆርጂያም ለሁለት ተከፈለች። ነገሩ ከየስቴቱ አንድ አንድ ሰው ለተመረጠበት ሸንጎ ተመራ፤ የኮነቲከቱ ኦሊቨር ኤልስዎርዝ ስለ ታመመ በእርሱ ቦታ ሸርማን ገባ። ሐምሌ 16 ቀን በአምስት ለአራት ጸደቀ፣ ማሳቹሴትስ እኩል ለእኩል ተከፍላ። ኤልስዎርዝም በክርክሩ ብዙ ደክሟልና ድርሻውን አትንፈጊው፤ ወሰኑን መጀመሪያ የተከለው ግን ሸርማን ነው።

ለጽሑፍሽ የሚጠቅም ማነጻጸሪያም አለ። የእኛ የፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ወኪል፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብም አንድ ተጨማሪ ወኪል ይኖረዋል ይላል። ማለትም ሁለቱን ልኬት በአንድ ምክር ቤት ውስጥ ቀላቅሎታል፤ ያውም ምክር ቤቱ ሕግ አያወጣም። ሸርማን ግን ሁለቱን ልኬት ለየብቻ በሁለት ቤት አስቀምጦ፣ ሕግ ሁለቱንም እንዲያልፍ አደረገ። ልዩነቱን አትዝለዪው።

የዲማ ተማሪ

እህቴ፣ እኔ ሕግ አላውቅም፤ ከቅኔ ቤት ወጥቼ ድጓ ላይ ነኝ። ሆኖም ስለዚህ ሰው ሳነብ ልቤን የሳበው ሌላ ሥራው ነው። ሸርማን ከ1750 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል የዘመን መቁጠሪያ መጽሐፍ በየዓመቱ ያሳትም ነበር፤ የፀሐይንና የጨረቃን መውጫና መጥለቂያ፣ ግርዶሹንም ራሱ እያሰላ። ይህ የእኛ ባሕረ ሐሳብ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ አውጥቶ የጾሙን መግቢያ ሲያሰላ ያደረ ሰው፣ አንዲት ቁጥር ብትሳሳት ዓመቱ ሁሉ እንደሚፋለስ ያውቃል። የኔታ ተማሪ ሲሳሳት ሰሌዳውን አያስደመስሱም፤ ስህተቱ እንዳለ ሆኖ እርማቱ ከግርጌው ይጻፋል፣ የት እንደ ሳተ እንዲያየው።

ይህን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። በ1789 በመጀመሪያው የተወካዮች ምክር ቤት፣ ማዲሰን የመብቶችን ድንጋጌ በሕገ መንግሥቱ አንቀጾች መካከል እያስገባ እየሰካ ሊያሻሽል ሲያስብ፣ ሸርማን ነሐሴ 13 ቀን ተነሥቶ ይህ ናስን፣ ብረትንና ሸክላን እንደ መቀላቀል ነው አለ። ትንቢተ ዳንኤልን ያነበበ ሁሉ ምስሉ ከየት እንደ መጣ ወዲያው ያውቀዋል። የሕዝቡ ጉባኤ የተቀበለው ጽሑፍ ሳይነካ ይቆይ፣ ማሻሻያው ከመጨረሻው ይታከል ሲል ተከራከረ። መጀመሪያ አልሰሙትም ነበር፤ በሳምንቱ ግን ተስማሙለት። ዛሬ ማሻሻያዎቹ ቁጥር ተሰጥቷቸው ከጽሑፉ በስተመጨረሻ ለብቻቸው ተሰልፈው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ትዝብትም አለኝ፦ ከሁለት ዓመት በፊት በፊላደልፊያ የመብቶች ድንጋጌ ይጨመር ሲባል፣ የስቴቶቹ የራሳቸው ድንጋጌ አልተሻረምና ይበቃል ብሎ የተቃወመው ይኸው ሰው ነበር።

ተጠራጣሪው (ባሕር ዳር)

ሁላችሁም በአንድ ድምፅ ስታወድሱት አንድ ሰው እንኳ የባርነቱን ጉዳይ ባለማንሣቱ አዝኛለሁ። ሸርማን ነሐሴ 22 ቀን 1787 የባሪያ ንግድን እንደሚጠላ ተናግሮ፣ ወዲያው ግን ነገሩን እንዳገኘነው ብንተወው ይሻላል አለ፤ የደቡብ ስቴቶች ካልሆነልን እንለያለን የሚሉ ከሆነ ከእነርሱ ከመለየት ንግዱን መፍቀድ እንደሚመርጥም አስረዳ። ውጤቱን ታውቁታላችሁ፤ ኮንግረሱ እስከ 1808 ንግዱን ሊከለክል እንዳይችል ተጻፈ። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ በሚገቡት ባሮች ላይ ቀረጥ ይጣል ሲባል፣ ቀረጡ ሰዎችን እንደ ንብረት መቀበል ነው ብሎ ተቃወመ። ቃሉን ጠብቆ ሰዎቹን አልጠበቀም፤ እኔ የማየው ይህን ነው። የርስት ድልድል ምሳሌ እዚህ ላይ አይሠራም፤ በዚያ ሸንጎ ያልተጠሩ ሰዎች ነበሩና።

ለእውነቱ ያህል ሌላውን ገጽም ልጻፍ። ሸርማንና ሪቻርድ ሎው የኮነቲከትን ሕጎች አሻሽለው እንዲያዘጋጁ ተሹመው ነበር፤ በዚያ ሥራ ውስጥ ከመጋቢት 1 ቀን 1784 በኋላ ከባሪያ እናት የሚወለድ ልጅ 25 ዓመት ሲሞላው ነጻ ይሆናል የሚል ድንጋጌ ገባ። በእኛም አገር የ1916 ዓ.ም. አዋጅ ቀስ በቀስ ነጻ የማውጣትን መንገድ መርጦ ነበር። ሆኖም ሃያ አምስት ዓመት በቁጥር ሲጻፍ አጭር ነው፤ ለሚጠብቀው ልጅ ግን የወጣትነቱ ዘመን ሁሉ ነው። ጽሑፍሽ ውስጥ ይህን ካላስገባሽ መምህርሽ ይጠይቁሻል፤ ባይጠይቁሽም እኔ እጠይቅሻለሁ።

የጫማ ሰፊው ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ባሕር ዳር ያሉት ወንድሜ የተናገሩትን ሳልሸሽግ እጽፈዋለሁ፤ በጽሑፌ መካከል ሳይሆን ራሱን የቻለ ክፍል ይኖረዋል። የሁለቱ ምክር ቤቶችን ክፍል ደግሞ በዋና አባትና በምንዝር አባት ምሳሌ እጀምረዋለሁ፤ ጓደኛዬ የእነማይ ልጅ ስለ ሆነ ማምለጫ አያገኝም።

ትናንት ማታ መልሶቻችሁን ለአባቴ አነበብሁለት። ሥራውን ሳያቆም አደመጠኝ፤ የአንድ ወታደር ጫማ ሶል እየጠገነ ነበር። የ1754ቱን ፈቃድ፣ የዳኝነቱን ዘመን፣ በመጨረሻም በ1791 ሴኔት መግባቱንና በ1793 በኒው ሄቨን በሰባ ሁለት ዓመቱ ማረፉን ሁሉ ነገርሁት። ወስፌውን ከቆዳው ነቅሎ «ዳኛ ከሆነ በኋላ ሙያው ጠፋበት ወይስ እንዳለ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ጋሼ፣ እርስዎ መልሱን ያውቁት ይሆን?

ጡረተኛ ዳኛ (ፍኖተ ሰላም)

ለአባትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ከሁላችንም የተሻለውን ጥያቄ የጠየቁት እርሳቸው ናቸው። ሸርማን ሱቅ ከከፈተና ቀያሽ ከሆነ በኋላ ጫማ መስፋቱን ትቶ ነበር። ነገር ግን በሕይወት ታሪኩ ይህ ተጽፏል፦ በነጻነቱ ጦርነት ጊዜ የኮንግረስ አባል ሳለ፣ ለሠራዊቱ የቀረበ ዕቃ ሒሳብ እንዲመረምር ከተሰየመ ሸንጎ ውስጥ ነበር። ከሒሳቦቹ አንዱ የጫማ ነበር። ሸርማን ወረቀቱን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየውና፣ ዋጋው ከልክ በላይ ነው፣ መንግሥት ተጭበርብሯል አለ። ባልደረቦቹ በምን አወቅህ ሳይሉት አልቀሩም፤ እርሱ የቆዳውን ዋጋ፣ የሌላውን ዕቃ ዋጋ፣ የሰፊውን የእጅ ዋጋ አንድ በአንድ እየጠራ ደምሮ አሳያቸው።